የሦስተኛው ሰዓት ዳኝነት፦ ስለ ሩቅ መንገድ ሞተርሳይክል መቀመጫ

ሞተርሳይክል ለመግዛት ወደ መደብር የሚገባ ሰው የሞተሩን ኀይል፣ የፍሬኑን አያያዝ፣ የጎማውን ጥርስና የነዳጁን ፍጆታ አንድ በአንድ ጠይቆና መርምሮ ሲያበቃ፣ ወደ መቀመጫው በደረሰ ጊዜ ግን ምርመራውን በአውራ ጣቱ ይፈጽማል፤ ጫን ያደርገዋል፣ ጣቱም ሰመጥ ሲልለት «ይህስ ይመቻል» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ የተሰጠው በጣት እንጂ በመቀመጫው ላይ ውሎ በሚያመሽ አካል ስላልሆነ፣ ጉዞው ተጀምሮ ሁለተኛው ሰዓት አልፎ ሦስተኛው በተጋመሰ ጊዜ ይግባኝ ይባልበታል። ያን ጊዜ ነጂው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያጋደለ፣ አንዴ ወደ ኋላ እያፈገፈገ አንዴ ወደ ነዳጁ ታንክ እየተጠጋ፣ ዐይኑ መንገዱን ቢያይም ልቡናው ከወገቡ በታች ካለው ሥቃይ ጋር ይሟገታል። ልቡናው የተከፈለበት ነጂ ደግሞ ጉድጓዱንም ከጎን የሚገባውንም መኪና ዘግይቶ ያያልና፣ የመቀመጫ ነገር የድሎት ጉዳይ መስሎ ቢታይም ከደኅንነት ጉዳይ ተለይቶ የሚቆም አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የመቀመጫ ምቾት የሚለካው የሰውነትን ክብደት በየትኛው የአካል ክፍል ላይ፣ በምን ያህል ስፋት፣ ለስንት ሰዓት ሊያሳርፍ በመቻሉ መሆኑን፣ ልስላሴውም ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ንዑስ ነገር መሆኑን ነው።

«አድቬንቸር» ተብሎ የሚጠራው የሞተርሳይክል ወገን ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ሞላው ረጅም፣ መሪው ሰፊ ሆኖ፣ ሻንጣ ተሸክሞ በአስፋልቱም በፒስታውም ሩቅ አገር ለመሄድ የተሠራ ነው። ወገኑ በዚህ መልክ ሊታወቅ የጀመረው የጀርመኑ ቢኤምደብሊው 797.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር የተሸከመውን አር 80 ጂ/ኤስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ጥቂት አስቀድሞ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ ተነሥቶ ወደ ሴኔጋል ከተማ ወደ ዳካር ያመራውና ሲሪል ኔቮ በያማሃ 500 ያሸነፈበት የመጀመሪያው ውድድር፣ የሰሐራን በረሓ በሁለት ጎማ መሻገር እንደሚቻል ለዓለም አሳይቶ ነበር፤ በ1981ም ኡቤር ኦርዮል በቢኤምደብሊው ድል ሲያደርግ የዚህ ዐይነቱ ሞተርሳይክል ዝና ጸና፤ በ1988 ደግሞ ሆንዳ «አፍሪካ ትዊን» የተባለውን አስከተለ። ከውድድሩ ሜዳ ውጭም ይህ የጉዞ ፍቅር የራሱ ሰዎች ነበሩት፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1977 በ500 ትራያምፍ ዓለምን ሲዞር፣ ተዋናዮቹ ዩዋን ማግሬገርና ቻርሊ ቦርማንም በ2007 ከስኮትላንድ ተነሥተው እስከ ኬፕ ታውን በቢኤምደብሊው ሲወርዱ፣ የኢትዮጵያን ደጋና ቆላ አቋርጠው አልፈዋል።

ይህ የትውልድ ታሪክ የመቀመጫውን ችግር ከሥሩ ይገልጥልናል። በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚወዳደር ነጂ አብዛኛውን ጊዜ በእግር መርገጫዎቹ ላይ ቆሞ የሚነዳ ስለሆነ፣ መቀመጫው ጠባብና ቀጥ ያለ ሆኖ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንደ ልብ እንዲያንቀሳቅሰው ይሻል፤ በአስፋልት ላይ ስምንት ሰዓት የሚጓዘው መንገደኛ ግን ተቀምጦ የሚውል በመሆኑ፣ ስፋት ያለውና አካሉን በአንድ ስፍራ የሚያጸና መቀመጫ ያሻዋል። በዚህ ላይ የቁመት ነገር ይጨመራል፤ ሞላው ሲረዝም መቀመጫው ከመሬት ይርቃልና፣ የያማሃ ቴኔሬ 700 መቀመጫ 875 ሚሊ ሜትር፣ የሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 መቀመጫ ደግሞ 835 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው። ፋብሪካውም አጠር ያለ ገዢ በመደብሩ ውስጥ እግሩ መሬት እንዲደርስለትና ልቡ እንዲረጋ ሲል የመቀመጫውን የፊት ክፍል ያቀጥነዋል፣ ስፖንጁንም ያሳሳዋል። ስለዚህ ከፋብሪካ የሚወጣው መቀመጫ ለማንም ሰው ተለክቶ ያልተሰፋ፣ ረጅሙንም አጭሩንም፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም በጥቂት በጥቂቱ ለማስታረቅ የታሰበ ነው፤ በዚህም ፋብሪካውን መውቀስ አይገባም፣ አንድ ልብስ ለሁሉ ሰው መስፋት ለማንም ያልተቻለ ነገር ነውና።

አሁን ወደ ሰው አካል እንመለስ። የሰው ልጅ በተቀመጠ ጊዜ ክብደቱን እንዲሸከሙ የተፈጠሩለት በዳሌው ዐፅም ግርጌ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ናቸው፤ ማንም ሰው በጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መዳፉን ከሥሩ ቢያስገባ በቀላሉ ያገኛቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በብዙው ሰው ዘንድ ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሴቶች ዳሌ ለወሊድ የተዘጋጀ ስለሆነ በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል። በነዚህ ጉብታዎች ዙሪያ ያለው ሥጋ ጫናን ይችላል፤ በአከርካሪው ጫፍ ያለው ትንሹ አጥንትና በጭኖች መካከል ያለው ለስላሳ ክፍል ግን ለሸክም የተፈጠሩ አይደሉም፤ በተለይም በዚህ በመካከለኛው ስፍራ ነርቭና የደም ሥር ስለሚያልፉ፣ ጫናው በዚያ ላይ በቆየ መጠን መደንዘዝ ይከተላል። እንግዲህ የመቀመጫ ሥራ በአጭር ቃል ሲነገር፣ ሁለቱን ጉብታዎች መደገፍ፣ የተረፈውን ክብደት ወደ ዳሌው ሥጋና ወደ ጭኑ መበተን፣ መካከሉንና የኋላውን ጫፍ ግን ከጫና ነጻ ማውጣት ነው። ለእሽቅድድም የተሠራ ሞተርሳይክል የሚነዳ ሰው ወደ ፊት አጎንብሶ ከክብደቱ ከፊሉን በክንዱ ይሸከማል፤ የአድቬንቸሩ ነጂ ግን ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ ክንዶቹ ቢያርፉለትም ሸክሙ ሁሉ ወደ መቀመጫው ይወርዳል።

ሕመሙ የሚመጣበት መንገድም የታወቀ ነው። ሥጋን የሚመግቡት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲሆኑ፣ በሕክምና ትምህርት ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ሲጠቀስ የኖረው ልክ እንደሚለው፣ ደሙ ወደነዚህ ሥሮች የሚገባበት ግፊት 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። በጠንካራና በጠባብ ነገር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከጉብታዎቹ ሥር የሚደርስበት ጫና ከ100 ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሥሮቹ ይታፈናሉ፤ ሥጋውም ምግቡን ባጣ ጊዜ መጀመሪያ በማቃጠል፣ ኋላም በመደንዘዝ አቤት ይላል። በቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው በየጥቂት ደቂቃው እየተነቃነቀ ደሙን ይፈታል፤ ሞተረኛው ግን እጁ በመሪው፣ እግሩ በመርገጫው፣ ጉልበቱም በታንኩ ስለተያዘ ይህን ነጻነት አያገኝም። በዚህ ላይ መንገዱ ያናውጠዋል፤ የተቀመጠ የሰው አካል በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ንዝረት ሲያገኘው ከሌላው ንዝረት ሁሉ ይልቅ አብሮ ይንቀጠቀጣልና፣ ሞላው ያላበረደውን የፒስታ ጉርብጥብጥ የሚቀበለው ወገቡ ነው።

መቀመጫው የሚሞላበት ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ነገር የሚሠራ ሲሆን፣ የዚህ ነገር መሠረት የሆነውን ጥበብ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኦቶ ባየር እ.ኤ.አ. በ1937 አግኝቶታል። ስፖንጅ ሁለት ባሕርያት አሉት፤ ሻጩም ገዢውም ዘወትር ስለሚያደባልቋቸው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው እፍጋቱ ነው፤ ይህም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ በሚመዝነው ኪሎ ይለካል። ሁለተኛው ጥንካሬው ነው፤ ይህም የስፖንጁን ውፍረት በሩብ ያህል ለማጉደል በሚያስፈልገው ኀይል ይለካል። እፍጋቱ ስለ ዕድሜው፣ ጥንካሬው ስለ ስሜቱ ይናገራል፤ እፍጋቱ ከፍ ያለ ሆኖ ለስላሳ የሆነ፣ እፍጋቱ ዝቅ ያለ ሆኖም ለጊዜው የጠነከረ ስፖንጅ አለ። እፍጋቱ ዝቅ ያለው በውስጡ አየር የበዛበት ስለሆነ፣ ከጥቂት ወራት ግልቢያ በኋላ ክፍሎቹ እየተሰበሩ ይረግባል።

በጣት ሲነካ ደስ የሚያሰኘው ስፖንጅ የሚያሳፍረውም በዚሁ ነው። ባረጀ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኛ እንግዳ የአልጋውን ርብራብ በጎኑ ሲቆጥር እንደሚያድር ሁሉ፣ እጅግ በለሰለሰ መቀመጫ ላይ የዋለ ነጂም ስፖንጁ ታምቆ ባለቀ ጊዜ የሚቀመጠው በሥሩ ባለው ፕላስቲክ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ጉብታዎቹ ወደ ውስጥ ሲሰምጡ በመካከላቸው ያለው ስፖንጅ ወደ ላይ ያብጥና፣ ሸክም የማይገባውን ለስላሳውን አካል መጫን ይጀምራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው መቀመጫ ሠሪዎች ታችኛውን ክፍል በጠንካራና በታመቀ ስፖንጅ ሠርተው፣ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ለስለስ ያለ ንጣፍ ይጨምሩበታል፤ ታችኛው ሸክሙን ይይዛል፣ ላይኛው ቆዳን ያባብላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ዮስት ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ለናሳ ሲሠራ ያወጣው፣ የአካልን ቅርጽ ቀስ ብሎ የሚይዘው ስፖንጅ፣ በላይኛው ንጣፍነት ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ብርድ ሲያገኘው ይደርቃል፣ ከተጫነም በኋላ ለመነሣት ይዘገያል፣ ስለዚህ በደጋ ማለዳና በጉርብጥብጥ መንገድ ብቻውን አይበቃም። እንደ ሙጫ የሚለጠጠው ጄልም ጫናን በመበተን ረገድ ይረዳል፤ ክብደት የሚጨምር መሆኑንና ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ባለጄል መቀመጫ ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ግን ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ከስፖንጁ ይልቅ የሚበልጠው ቅርጹ ነው። መቀመጫው ሁለቱ ጉብታዎች በሚያርፉበት ስፍራ ከነርሱ ርቀት የሚሰፋ፣ ላዩም ወደ ጠፍጣፋነት ያደላ ሊሆን ይገባል፤ መካከሉ እንደ ጉልላት ከፍ ብሎ ጎኖቹ ወደ ታች የሚያዘቀዝቁ ከሆነ፣ ጉብታዎቹ በቁልቁለቱ ላይ ተንጠልጥለው ክብደቱን የሚሸከመው መካከለኛው ለስላሳ ክፍል ይሆናል። የጎኑ ጠርዝ የተሳለ ከሆነም የጭኑን ውስጥ ስለሚጫን፣ ክብ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ቀጥሎ የሚመረመረው ዝንባሌው ነው፤ ብዙ የአድቬንቸር መቀመጫዎች ወደ ፊት የሚያዘነብሉ ስለሆኑ፣ ነጂው ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ታንኩ እየተንሸራተተ ከሰፊው ስፍራ ወደ ጠባቡ ይወርዳል፤ ከዚያም ክንዱንና ጉልበቱን እያስጨነቀ ወደ ኋላ ሲገፋ ትከሻው ይደክማል። ብዙ ሰው ስፖንጁን የሚረግመው ጥፋቱ የዝንባሌው ሆኖ ሳለ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ጉብታዎቹ የሚያርፉበትን ስፍራ በመጠኑ ጎድጎድ አድርጎ ደረጃውን ማስተካከል ነው፤ ጎድጓዳው እጅግ ከጠለቀ ግን ነጂውን በአንድ ቦታ ቸክሎ ስለሚያስቀረው፣ የረጅም መንገድ ሰው የሚፈልገውን ጥቂት የመንቀሳቀስ ነጻነት ይነሣዋል።

መቀመጫ ደግሞ ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም፤ ከመሪውና ከእግር መርገጫው ጋር ሦስት ማዕዘን ይሠራል፣ አንዱ ሲነካ ሁለቱ ይለወጣሉ። መቀመጫው ሲወርድ ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፤ ጭኑ ወደ ላይ ስለሚነሣም መቀመጫውን መንካት ያቆማል፣ በዚህ ጊዜ በጭኑ ሊበተን ይችል የነበረው ክብደት ሁሉ ተመልሶ በሁለቱ ጉብታዎች ላይ ይከመራል። ስለዚህ አጠር ያለ ሰው እግሩን መሬት ለማድረስ ብሎ «ዝቅተኛ» የተባለውን መቀመጫ ሲገዛ፣ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ስፖንጁ የሳሳለትን ነውና፣ መቆሚያ ላይ ያተረፈውን በጉዞ ላይ ይከስራል። በቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስና በሆንዳው አፍሪካ ትዊን 1100 ላይ እንደሚገኘው በ850 እና በ870 ሚሊ ሜትር መካከል ከፍና ዝቅ የሚል መቀመጫ ያለው ሰው ሁለቱንም ልክ በረጅም መንገድ ላይ ቢሞክር፣ ከፍተኛው ልክ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያሳርፍለት ይረዳል። ረጅም ሰው ግን መቀመጫውን ከፍ ሲያደርግ መሪው ዝቅ እንደሚልበት አይርሳ፤ ጀርባው እንዳይጎብጥ መሪውንም አብሮ ማንሣት ያስፈልገው ይሆናል።

ስለ ሽፋኑም ጥቂት ቃል እንበል። ከፋብሪካ የሚመጣው ሽፋን ውሃ የማያስገባ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ ውሃን የሚከለክለው ግን ላብንም እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ በሞቃት አገር ነጂው በራሱ ላብ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የራሰ ቆዳ ደግሞ ከደረቀው ይልቅ በቶሎ ይላጣል። ለዚህ ከጥንት የታወቀውና እስካሁን ያልተሻረው መፍትሔ በአገራችን በየቤቱ የምናውቀው አጎዛ ነው፤ የበግ ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ ያህል የሚደርስ እርጥበት በውስጡ እየያዘ ሲነካ ደረቅ ይመስላል፣ በጠጉሮቹም መካከል አየር ይመላለሳል፣ ቆዳንም ከመፈግፈግ ይጠብቃል፤ በሆስፒታልም ለረጅም ጊዜ ለተኙ ሕሙማን ገላቸው እንዳይቆስል ከሥራቸው ይነጠፋል። ጉድለቱ ዝናብ በመታው ጊዜ እስኪደርቅ መዘግየቱ ነውና፣ ሞተሩ ሲቆም ገልጦ ወይም ሸፍኖ ማኖር ያስፈልጋል። የሽፋን ስፌት ጉብታዎቹ በሚያርፉበት ስፍራ ላይ እንዳያልፍም መጠንቀቅ ይገባል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ያለ ገንዘብ የሚደረጉ ነገሮች አሉ፤ እነዚህን ሳይሞክሩ ውድ መቀመጫ ማዘዝ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አስቀድሞ ነጂው የገዛ ጉብታዎቹን ርቀት ይለካ፤ ወፍራም ካርቶን በጠንካራ ወንበር ላይ አኑሮ ቀጥ ብሎ ለጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥበት ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ፣ የመካከላቸውንም ርቀት በመስመሪያ ያገኛል፤ ከዚያም ይህን ልክ በመቀመጫው ላይ አኑሮ በሚቀመጥበት ስፍራ የሚበቃ ስፋት መኖሩን ያያል። ቀጥሎ የኋላውን ሞላ ይመርምር፤ ሞላው ከሚገባው በላይ ከተወጠረ የሞተሩ ጭራ ተነሥቶ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ መንገዱም ወደ ወገብ ይደርሳል፤ ነጂና ጓዝ ሲጫኑበት ከሙሉ እርምጃው ሲሶ ገደማ ቢወርድ መልካም ነው። ከዚያም ልብሱን ይይ፤ ወፍራም ስፌት ያለው ጂንስና ከሥሩ የሚለበስ የሚታጠፍ ልብስ በአምስተኛው ሰዓት እንደ ገመድ ይቆርጣሉና፣ ስፌቱ የሳሳ፣ ላብ የማይዝ፣ ከገላ ጋር የሚሄድ ልብስ ብዙ ሥቃይ ያስቀራል። እነዚህ ሦስቱ ተስተካክለው ሕመሙ ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የመቀመጫው መሆኑ ይረጋገጣል።

በገበያ ያለው አማራጭ በሦስት ክፍል ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያውና ርካሹ በነባሩ መቀመጫ ላይ የሚነጠፈው ነው፤ አጎዛው፣ አየር የሚያስተላልፈው መረብና በአየር የሚነፋው ትራስ በዚህ ይገባሉ። በአየር የሚነፋውና «ኤርሆክ» የተባለው ትራስ ምንጩ ከሕክምና ነው፤ የሚሠራው ሮሆ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ የታወቀውም በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖሩ ሰዎች ገላቸው እንዳይቆስል በሚሠራላቸው ትራስ ነው። ብዙ ሰው አለመመቸቱን የሚያማርረው ትራሱን እስኪወጠር ስለሚነፋው ነውና፣ ጉብታዎቹ ከሥሩ ያለውን መቀመጫ ለመንካት ጥቂት ሲቀራቸው አየሩን ማቆም ይገባል። ሁለተኛው ክፍል ነባሩን የፕላስቲክ መሠረት አስቀርቶ ስፖንጁንና ሽፋኑን ብቻ መለወጥ ነው፤ በአይዳሆ የሚገኘው ሲት ኮንሴፕትስ እንዲህ ያለውን ተቆርጦ የተዘጋጀ ስፖንጅ ከነሽፋኑ ይሸጣል፣ ገዢውም ራሱ በስቴፕለር ይወጥረዋል። ሦስተኛው አዲስ ወይም በነጂው ልክ የተሠራ መቀመጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተውና በካሊፎርኒያ ሆሊስተር የሚገኘው ኮርቢን በጠንካራ ስፖንጅና በእውነተኛ ቆዳ ይታወቃል፤ በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ያለው ሳርጀንትም ለልዩ ልዩ ሞተሮች የተዘጋጁ መቀመጫዎች ይሠራል። ራስል የተባለው የካሊፎርኒያ ሠሪ ደግሞ «ዴይ ሎንግ» በሚለው መቀመጫው ጎኖቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ጭኑን ይደግፋል፤ ደንበኛውም ነባሩን መቀመጫ ከቁመቱና ከክብደቱ መግለጫ፣ በሞተሩም ላይ ተቀምጦ ከተነሣው ፎቶግራፍ ጋር ይልክለታል። እንዲህ ያለው ባለክንፍ መቀመጫ በአስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ትልቅ ዕረፍት ሲሆን፣ በፒስታ ላይ ዘወትር ለሚቆምና እግሩን ቶሎ ወደ መሬት ለሚያወርድ ሰው ግን መሰናክል ይሆናል፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ያመሰገነውን መቀመጫ የሚገዛ ሰው የጎረቤቱን መንገድ አብሮ ካልገዛ በቀር ሊጸጸት ይችላል።

ከነዚህ ሠሪዎች ርቆ የሚኖር ሰውም ተስፋ መቁረጥ አይገባውም፤ የመኪና ወንበር የሚሰፋ ብልህ ባለሙያ ባለበት ከተማ ሁሉ መቀመጫ ሊታደስ ይችላልና፣ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ትእዛዝ ነው። «አለስልስልኝ» ተብሎ የታዘዘ ባለሙያ ለስላሳ ስፖንጅ ከላይ ደርቦ ይመልሳል፤ ችግሩም በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። «የረገበውን አውጣ፤ ከሥር የታመቀ ጠንካራ ስፖንጅ አድርግ፤ በዚህ ስፍራ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር አስፋው፤ ወደ ፊት የሚያዘነብለውን አስተካክል፤ ስፌቱን ወደ ጎን አድርገው» የተባለ ባለሙያ ግን መልካም ሥራ ይሠራል። ስፖንጁ ተቀርጾ ሲያበቃ ሽፋኑ ሳይሰፋ ጨርቅ ብቻ ለብሶ አንድ ሁለት ሰዓት ቢነዱበት፣ ጥፋቱ በቢላዋ ሊታረም በሚችልበት ጊዜ ይታወቃል። አዲስ ጠንካራ መቀመጫም በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች እንግዳ መስሎ ስለሚሰማ፣ ስፖንጁና ቆዳው ከነጂው አካል ጋር እስኪላመዱ ትዕግሥት ማድረግ ያሻል።

የቱንም ያህል መልካም መቀመጫ ቢገኝ የነጂውን ልማድ አይተካም። በአሜሪካ አይረን በት አሶሲዬሽን የተባለ የረጅም መንገድ ሞተረኞች ማኅበር አለ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ጉዞውን በማስረጃ ካስረዳ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ይህን ያህል ርቀት የሚሸፍኑት ሰዎች በፍጥነት ሳይሆን በሥርዓት የሚነዱ ናቸው፤ ሕመሙ ሳይጀምር ያርፋሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ በመቀመጫው ላይ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ እያሉ የጫናውን ስፍራ ይለዋውጣሉ። አድቬንቸር ሞተርሳይክል የሚነዳ ሰው ደግሞ ሌላው ሞተረኛ በቀላሉ የማያገኘው ጸጋ አለው፤ መርገጫዎቹ ከሥሩ ስለሆኑ መንገዱ ነጻ በሆነ ጊዜ ለግማሽ ደቂቃ ብድግ ቢል፣ የታፈነው ደም ይፈታል፣ ወገቡም ይዘረጋል። በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ወርዶ አምስት ደቂቃ የሚራመድ ሰው መካከለኛ በሆነ መቀመጫ ላይ፣ ያለ ዕረፍት ከሚነዳው ባለ ውድ መቀመጫ ይልቅ ደኅና ሆኖ ያመሻል። ከጉዞው በኋላ ለቀናት የማይለቅ መደንዘዝ ወይም ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ያለበት ግን ጉዳዩን ከመቀመጫ ሠሪ ወደ ሐኪም ማዛወር አለበት፤ የነርቭ ጉዳት በስፖንጅ አይታከምም።

በመጨረሻም መቀመጫ ሊገዛ የተነሣ ሰው አውራ ጣቱን ሰብስቦ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ። ስፖንጁ በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ጉብታዎቼ በሚያርፉበት ስፍራ ስፋቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ለሦስት ሰዓት ነድቼበት ባይስማማኝ ትመልስልኛለህ ወይስ ታስተካክልልኛለህ? ሦስቱንም ሳያመነታ የሚመልስ ሻጭ የተገኘ እንደ ሆነ ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ መክፈል ይገባል፤ ለሦስቱም መልስ የሌለው ግን ሽፋን ይሸጣል እንጂ መቀመጫ አይሸጥም።